ስቴፈን ፓጄት፦ የካንሰርን ስርጭት በዘርና በመሬት የመሰሉት ሐኪም

ከአብነት ብዙም በማይርቀው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው፣ እጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በሽታው ለምን ሌላ ቦታ እንደሚታይ ይጠይቃሉ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቴፈን ፓጄትም ይህንኑ ጠይቀዋል።

ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1855 ተወለዱ። አባታቸው ሰር ጀምስ ፓጄት በጡት ጫፍ ላይ የሚታየውንና በስማቸው የሚጠራውን፣ እምብዛም የማያጋጥም ካንሰር የገለጹ ሐኪም ነበሩ።

በ1869 አሽዎርዝ የተባሉ ሐኪም በአውስትራሊያ በአንድ ሟች ደም ውስጥ ከእጢው ጋር የሚመሳሰሉ ሕዋሳት አይተው ነበር። ፓጄት ደግሞ በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ አገላበጡ። ደም ለሁሉም አካል ቢደርስም በሽታው ጉበትን በብዛት፣ ጣፊያን ግን ከስንት አንዴ ይዞ አገኙት። ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው በሚስማማው መሬት ላይ ብቻ ነው ሲሉ ደመደሙ። በኋላ የአባታቸውንና የፓስተርን የሕይወት ታሪክ ጽፈዋል፤ በ1926 አረፉ።

ዛሬ ከታማሚ በሚወሰድ ደም ውስጥ እነዚህን ሕዋሳት መፈለግ ይቻላል። ሆኖም ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው። እንደ ሳርኮማ ባሉ እምብዛም የማያጋጥሙ ካንሰሮች ደግሞ የተለመደው መሣሪያ የሚለይበት ምልክት ብዙውን ጊዜ ስለማይገኝ ፍለጋው ይከብዳል። ስለዚህ ምርመራው ባዮፕሲን አይተካም።

በደም ውስጥ ሕዋስ ተገኘ ማለት ዘሩ በቅሏል ማለት አይደለም፤ አልተገኘም ማለትም ድነዋል ማለት አይደለም። የክትትል ቀጠሮዎን አያቋርጡ።