ዣን ባፕቲስት ክሌበር

ዣን ባፕቲስት ክሌበር (1753–1800 እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ስመ ጥር የነበረ የፈረንሳይ ጄኔራል ነው። ናፖሌዎን ቦናፓርት ግብፅን ለቆ ከሄደ በኋላ እዚያ የቀረውን ሠራዊት በጠቅላይ አዛዥነት መርቷል። በ1799 ለመንግሥቱ የጻፈው ደብዳቤ በእንግሊዞች እጅ መውደቁ የዚያን ሠራዊት ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመን

ክሌበር በ9 ማርች 1753 በስትራስቡርግ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የሕንፃ ንድፍ ተምሮ፣ በሙኒክ የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ በኦስትሪያ ሠራዊት መኮንን ሆነ። ከመኳንንት ወገን ስላልነበረ በማዕረግ የማደግ ተስፋ አጣና ወደ አልዛስ ተመለሰ። በቤልፎር ከተማ የመንግሥት ሕንፃዎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ። የታን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የእርሱ ንድፍ ነው።

በአብዮቱ ጦርነቶች

በ1792 በበጎ ፈቃድ ዘመተ። በ1793 በማይንጽ ከበባ ጊዜ ባሳየው ጀግንነት ጄኔራል ሆነ። ከተማዋ እጅ ስትሰጥ ወታደሮቹ ለአንድ ዓመት ያህል ከባዕዳን መንግሥታት ጋር እንዳይዋጉ ቃል ስለገቡ፣ መንግሥት በቫንዴ የተነሣውን የአገር ውስጥ አመፅ እንዲያጠፉ ላካቸው። በጁን 1794 በፍለሩስ ጦርነት ለተገኘው ድል ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

የግብፅ ዘመቻ

በ1798 ከቦናፓርት ጋር ወደ ግብፅ ዘመተ፤ እስክንድርያ ስትያዝም ግንባሩ ላይ ቆሰለ። በ16 ኤፕሪል 1799 በታቦር ተራራ አጠገብ፣ ቦናፓርት እስኪደርስለት ድረስ 2,000 ያህል ወታደር ይዞ እጅግ የሚበልጠውን የቱርክ ጦር ለሰዓታት መከተ።

በኦገስት 1799 ቦናፓርት በድብቅ ወደ ፈረንሳይ ተጓዘ። ክሌበርን ለንግግር ወደ ሮዜታ ጠርቶት ነበር፤ ነገር ግን ሳይጠብቀው መርከብ ተሳፈረና ሥልጣኑን በደብዳቤ ብቻ አስተላለፈለት። በደብዳቤው መሠረት እስከ ሜይ 1800 ድረስ ርዳታ ካልመጣና በወረርሽኝ ከ1,500 በላይ ወታደር ካለቀ ክሌበር ሰላም መፈራረም ይችላል።

የ1799 ደብዳቤ

ክሌበር በ26 ሴፕቴምበር 1799 ለዲሬክቷር፣ ማለትም ፈረንሳይን ለሚገዙት አምስት ሹማምንት፣ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። የሠራዊቱ ቁጥር በግማሽ መቀነሱን፣ መሣሪያና ባሩድ ማለቁን፣ ወታደሮቹ መራቆታቸውን፣ ቦናፓርትም ባዶ ግምጃ ቤትና ብዙ ዕዳ ትቶ መሄዱን ዘርዝሮ ከሰሰ። ደብዳቤው ፓሪስ ሲደርስ ግን ዲሬክቷሩ በኖቬምበር መፈንቅለ መንግሥት ወድቆ ነበር። ስለዚህ ክሱን የተቀበለው ተከሳሹ ራሱ፣ ቀዳማዊ ቆንስል የሆነው ቦናፓርት ነበር። ቦናፓርት በኋላ በሴንት ሄሌና ደሴት ሳለ የደብዳቤውን ቁጥሮች የተጋነኑ ናቸው ብሎ ተከራክሯል።

የደብዳቤው ሌላ ቅጂ በባሕር ላይ በእንግሊዞች ተማረከ። የለንደን መንግሥት የፈረንሳዮችን ድካም ከዚህ ተረድቶ፣ እጅ ካልሰጡ በቀር ከግብፅ እንዳይወጡ አድሚራል ኪዝን አዘዘ።

ትእዛዙ ሳይደርስ ክሌበር በጃንዋሪ 1800 ከቱርኮች ጋር የኤል አሪሽን ውል አጸደቀ። በውሉ መሠረት ሠራዊቱ መሣሪያውን እንደያዘ ወደ አገሩ ይመለሳል። ፈረንሳዮች ምሽጎችን ማስረከብ ከጀመሩ በኋላ ግን የኪዝ ደብዳቤ ውሉን አፈረሰ። ክሌበር ይህን ደብዳቤ አሳትሞ ለወታደሮቹ አሰራጨና ለጦርነት አዘጋጃቸው። በ20 ማርች 10,000 ያህል ሰው ይዞ የታላቁን ቪዚር ጦር በሄሊዮፖሊስ ድል አደረገ። ያመፀችውን ካይሮንም በመድፍ ደብድቦ መልሶ ያዘ፤ በነዋሪዎቿም ላይ ከባድ የገንዘብ ቅጣት ጣለ። የእንግሊዝ መንግሥት ውሉን ለማክበር ኋላ ቢስማማም ጊዜው አልፎ ነበር።

አሟሟቱና መታሰቢያው

በ14 ጁን 1800 ሱለይማን አል ሐለቢ የተባለ ከሐለብ የመጣ ወጣት ተማሪ ካይሮ ውስጥ ክሌበርን በጩቤ ወግቶ ገደለው። ሱለይማን እጁ ተቃጥሎ በእንጨት ላይ ተሰክቶ በስቃይ ሞተ። ዕቅዱን አውቀው ዝም ብለዋል የተባሉ ሦስት የአል አዝሃር ሰዎችም አንገታቸው ተቀላ። የክሌበር የጦር ጓድ ጄኔራል ዴሴ በዚያው ቀን በኢጣልያ በማሬንጎ ጦርነት ሞቷል።

ፈረንሳዮች በ1801 ግብፅን ሲለቁ አስከሬኑን ይዘው ሄዱ። አስከሬኑ ለዓመታት በማርሴይ አጠገብ ባለው የኢፍ ምሽግ ከቆየ በኋላ በ1818 ወደ ስትራስቡርግ ተወሰደ። ዛሬ በስሙ በተጠራው አደባባይ፣ በ1840 ከቆመው ሐውልቱ ሥር ይገኛል።