ዳይኖሰርን በጣቱ ያስሮጠው ሰው

ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ዳይኖሰር ፊልም ላይ እንዴት ይሮጥ ነበር? ዊሊስ ኦብራይንን ተዋወቁት።

በ1886 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላንድ ተወለደ። እብነበረድ ጠርቧል፣ ካርቱንም ስሏል። በ1915 የዋሻ ሰዎችንና ዳይኖሰርን ከጭቃ ሠርቶ አጭር ፊልም ቀረጸ፤ የኤዲሰን ኩባንያ ገዛው።

ሥራው ትዕግስት ይጨርሳል፦ አሻንጉሊቱን ትንሽ ታንቀሳቅሳለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ እንደገና ታንቀሳቅሳለህ። ድምፅ ላለው ፊልም ለአንዲት ሰከንድ 24 ፎቶ!

በ1931 «ክሪኤሽን» የተባለው ትልቅ የዳይኖሰር ፊልሙ መሃል ላይ ተሰረዘበት። ልፋቱ ሁሉ ውኃ በላው ሲባል፣ ለዚያ የተሠሩት ዳይኖሰሮች በ1933 «ኪንግ ኮንግ» ላይ ብቅ አሉ። ዓለም ጉድ አለ።

በ1962 አረፈ። በ1966 ደግሞ አብሮት ሠርቶ የተማረው ሬይ ሃሪሃውሰን የዋሻ ሰዎችንና ዳይኖሰሮችን በዚያው ዘዴ ሲኒማ መለሳቸው።