ማክስ ታይለርና የቢጫ ወባ ክትባት

ከጅማ ተነሥቶ በበደሌና በያዮ በኩል ወደ መቱ የሚጓዝ ሰው የዴዴሳን ወንዝ ይሻገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 ድረስ ከኦሞ እስከ ዴዴሳ ባሉት ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ገብቶ 100,000 ያህል ሰው እንደ ያዘና 30,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን መከላከያው ክትባት ከተገኘ ያን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት የነበረ መሆኑ ነው።

ክትባቱን ያስገኙት ማክስ ታይለር የአፍሪካ ተወላጅ ናቸው። በ1899 በፕሪቶሪያ ተወለዱ፤ አባታቸው አርኖልድ ታይለር ከስዊስ አገር የመጡ ስመ ጥር የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማክስ በኬፕ ታውንና በለንደን ሕክምና ከተማሩ በኋላ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሐሩር አገር በሽታዎችን ማጥናት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን ቢጫ ወባን መመርመር ነፍስን አስይዞ መሥራት ነበር። አድሪያን ስቶክስ በ1927 በሌጎስ፣ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1928 በአክራ ሲመራመሩ በዚሁ በሽታ ሞቱ። ታይለርም በ1929 በቤተ ሙከራ ሳሉ ተይዘው ለጥቂት ዳኑ። ምርምሩ የሚካሄደው በውድ ዋጋ በሚገዙ ዝንጀሮዎች ስለ ነበረ እርሳቸው ቫይረሱን በነጭ አይጥ አንጎል ውስጥ ማራባት እንደሚቻል በ1930 አሳዩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ደም በሽታውን የመከላከል ኃይል እንዳለው በአይጥ መፈተን የተቻለው፣ ቢጫ ወባ በአፍሪካ እስከ የት እንደ ደረሰም በካርታ ላይ ማስፈር የተቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ሮክፌለር ፋውንዴሽን ተዛወሩ። እዚያም ከሂዩ ስሚዝ ጋር፣ በ1927 በጎልድ ኮስት አሲቢ ከተባለ ታማሚ ደም የተገኘውን ቫይረስ የነርቭ ክፍሉ በወጣለት የጫጩት ሽል ላይ ደጋግመው አራቡት። ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ቫይረሱ የመግደል ኃይሉን አጥቶ ሰውነትን የማስታጠቅ ኃይሉን ይዞ ቀረ። 17ዲ የተባለው ክትባት በ1937 ይፋ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት በብራዚል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ።

ጉዞው ያለ እንቅፋት አልነበረም። በ1942 ክትባቱ በተቀመመበት የሰው ደም ውኃ ሳቢያ በርካታ የአሜሪካ ወታደሮች በጉበት በሽታ ተያዙ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ደም ውኃ ከቅመማው ወጣ። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በአገራችን በሽታውን ያሰራጨው ኤዲስ ሲምፕሶኒ የተባለው ትንኝ የሚራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚጠራቀም ውኃ ውስጥ ነው። ገበሬውን ጓሮህን ንቀል ማለት ደግሞ ምግብህን ተው ማለት ይሆናል። የዱር ጦጣና ጉሬዛም ቫይረሱን በጫካ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ እንደ ያዮ ያለውን የቡና ደን መመንጠር መፍትሔ ነው የሚል ባለሙያ አይኖርም። የዳር አገሩ ሕዝብ አስቀድሞ ይከተብ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ መከተብ ዕድሜ ልክ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አስታውቋል።

ታይለር በ1972 በኒው ሄቨን አረፉ። በ2013 ቢጫ ወባ በደቡብ ኦሞ ዳግም ሲነሣ ለሕዝቡ የተሰጠው ክትባት የዘር ሐረጉ ያው ከአሲቢ ደም የተቀዳው ነው።