ግሬስ ዳርሊንግና ጋዜጦቹ

እንግሊዝ ውስጥ ሕፃናት ስለ ባሕር ታሪክ ሲማሩ ስሟ ይነሳል። ግሬስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1815 ነው። አባቷ ዊልያም በሎንግስቶን ደሴት ለመርከቦች የሚበራውን የመብራት ማማ ይጠብቁ ነበር። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1838 ሊነጋጋ ሲል፣ ፎርፋርሻየር የተባለች መርከብ በማዕበል ከዓለት ተላትማ መሰበሯን በመስኮት አየች። አባትና ልጅ በጀልባ ቀዝፈው ደረሱ። በሁለት ምልልስ ዘጠኝ ሰዎች ተረፉ። በሁለተኛው ጉዞ ግሬስ አልነበረችም፤ አባቷ የሄዱት ከተረፉት መርከበኞች ጋር ነው። ጋዜጦቹ ግን እሷን ብቻ አገነኑ። ሰዉ ፀጉሯን ቆርጣ እንድትልክለት እስከ መጠየቅ ደረሰ። በ1842 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ዕድሜዋ 26 ነበር። ጀግንነቷ እውነት ነው። እኔን እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የሚከነክነኝ ግን የቀረው ግማሽ ታሪክ ነው። ለልጆች ሲነገር የአባቷም ስም ይጠራ እላለሁ።