ሊስ ሀርቴልን ኮርቻ ላይ ያወጧት እጆች

እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳልያ ያገኘችው ዴንማርካዊት ያለ ሰው እርዳታ ኮርቻ ላይ መውጣትም መውረድም አትችልም ነበር። ከጉልበቷ በታች ሽባ ናት። ወርቁን የወሰደው ስዊድናዊው መኮንን ሄንሪ ሴንት ሲር ደግፎ ወደ ሽልማቱ መድረክ ሲያወጣት የታየው ትዕይንት እስካሁን ይነገራል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ሊስ ሀርቴል በ1921 ሄለሩፕ በተባለ የዴንማርክ ከተማ ተወለደች። በ1943ና በ1944 በድሬሳዥ የአገሯ ሻምፒዮን ሆነች። ድሬሳዥ የሽምጥ ግልቢያ አይደለም፤ ፈረሱ የጋላቢውን ስውር ትእዛዝ እየተቀበለ በተለካ እርምጃ የሚሄድበት ውድድር ነው፤ ትእዛዙን በመስጠት በኩል ደግሞ የእግር ድርሻ ትልቅ ነው። በዚያው በ1944፣ በ23 ዓመቷ፣ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ የልጅነት ልምሻ ያዛት። ሕፃኗ በደህና ተወለደች። እናቲቱ ግን እጇን ከማንሳት ጀምሮ ሁሉን እንደ አዲስ ተማረች። በምርኩዝ ቆመች፣ ሰው አንስቶ ፈረስ ላይ አስቀመጣት፤ በ1947 በስካንዲኔቪያ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች። ጁብሊ የተባለችው ፈረሷ በእግር ምትክ የጀርባና የሰውነት ክብደት ትእዛዝን ለመደች።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበል። በድሬሳዥ እስከ 1948 ድረስ የሚወዳደሩት የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ። በ1948 ወርቅ ያገኘው የስዊድን ቡድን አንዱ አባል በእርግጥ መኮንን አይደለም ተብሎ በማግስቱ ዓመት ሜዳልያውን ተነጠቀ! ሕጉ ተሻሽሎ በ1952 ሲቪሎችና ሴቶች ተፈቀዱ። ያ አንቀጽ ባይነሳ ኖሮ ሊስን ማን ያውቃት ነበር?

ከእሷ ድል በኋላ ፈረስ ለአካል ጉዳተኛ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ተስፋፋ። ምክንያቱም የፈረስ እርምጃ የተቀመጠውን ሰው ዳሌ የሚያወዛውዘው ሰው ሲራመድ ዳሌው እንደሚንቀሳቀሰው ነው። በ1969 በብሪታንያም በአሜሪካም ብሔራዊ ማኅበራት ተቋቋሙ። ሥራውን የተሸከሙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለአንድ ሕፃን እስከ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፈረሱን ይስባል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይሄዳሉ።

ታዲያ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። ሰልጣኙ በመጀመሪያ ከፈረሱ ኋላ ሳይሆን በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰማ መቅረብን ይማራል። የመሳቢያውን ገመድ እጁ ላይ አይጠመጥምም፤ ፈረሱ ከደነበረ ጎትቶ ይጥለዋልና። ጆሮ ወደ ኋላ ሲተኛ ምን ማለት እንደሆነ ያጠናል። ከሁሉ የሚከብደው፣ ሳቢው ሕፃኑን ለማየት መዞር የለበትም፤ ዓይኑ ከፈረሱ አይነሳም። ሕፃኑን የሚጠብቁት የጎን ሰዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ እንዲሁ ጨምድደው ከያዙት ሚዛኑን መጠበቅ አይማርም።

ሊስ በ1956ም ብር ደገመች። የፈረስ ውድድሩ በአውስትራሊያ የእንስሳት ኳራንቲን ሕግ ምክንያት ከሜልቦርን ተነጥሎ በስቶክሆልም ነበር የተካሄደው። (አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችውም በዚሁ ዓመት፣ በሜልቦርን ነው።) በኔዘርላንድስ ለአካል ጉዳተኞች ግልቢያ የቆመ ድርጅት በስሟ ተሰይሟል። በ2009 በ87 ዓመቷ አረፈች። በየዕለቱ አንስተው ጁብሊ ላይ ያስቀመጧት ሰዎች ግን በሜዳልያው መዝገብ ውስጥ የሉም።