ሳቪትሪባይ ፉሌ
ሳቪትሪባይ ፉሌ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በምዕራብ ህንድ ናይጋኦን በተባለች የገጠር መንደር ተወለደች። በዚያን ዘመን እንደ ነበሩት የመንደር ልጃገረዶች ፊደል ሳትለይ በዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ተዳረች። ከሌሎቹ የለያት ባሏ ጆቲራኦ የተማረውን ለእርሷ ማስተማሩ ነው።

በ1848 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ በፑኔ ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ክፍል ማዘጋጀቱ ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ከባዱ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ነው። የሴት ልጅን መማር እንደ ነውር፣ ዝቅተኛ ከተባለ ወገን የተወለደችን ሴት ማስተማር እንደ ድፍረት የቆጠሩ ሰዎች ጭቃ፣ ድንጋይና እበት ይወረውሩባት ነበር። ስለዚህ ቅያሪ ልብስ ይዛ ትወጣለች፤ ስትደርስ ለውጣ ታስተምራለች። በዓመቱ የጆቲራኦ አባት የኅብረተሰቡን ጫና መቋቋም ስላልቻለ ሁለቱንም ከቤቱ አስወጣ። ትምህርቱ ግን ቀጠለ።

በ1868 ዓ.ም. ከጋራ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ለተከለከሉ ወገኖች የግቢያቸውን የውኃ ጉድጓድ ፈቀዱ። ይህን ሥራ በተለይ መሐንዲስ ልብ ሊለው ይገባል፤ ውኃ የራቀው ድኻ ቤት አስቀድሞ ከትምህርት የሚያስቀረው ሴት ልጁን ነውና።

ባሏ በ1890 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም ሥራዋን አላቋረጠችም። በ1897 ዓ.ም. ፑኔ በወረርሽኝ በተመታች ጊዜ በሽተኞችን ስታስታምም በሽታው ይዟት ማርች 10 ቀን ዐረፈች።