ከአውሮፕላኑ ውስጥና ከአውሮፕላኑ በታች፦ የሠዓሊው ቱሊዮ ክራሊ ሕይወት

በሥዕል ታሪክ ትምህርት ስለ አውሮፓ እንቅስቃሴዎች ስንማር ፊውቸሪዝም የሚባለው ቶሎ ይታለፋል። እኔ ግን ቢቸና ተወልጄ ሞጣ የተማርኩ በመሆኔ፣ ከዚህ እንቅስቃሴ ሠዓሊዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ አሳሰበኝ። እሱም ዕድሜ ልኩን አውሮፕላንና በረራ ሲስል የኖረው ኢጣሊያዊው ቱሊዮ ክራሊ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ መጀመሪያ ሕይወቱን፣ ቀጥሎም ሥራውን እኛ እንዴት ብናየው ይሻላል የሚለውን ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክራሊ በ1910 ዛሬ ሞንቴኔግሮ በምትባለው አገር፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኢጋሎ ተወለደ። በ1922 ቤተሰቡ ጎሪዚያ ወደምትባል የኢጣሊያ ጠረፍ ከተማ ተዛወረ። በ15 ዓመቱ ስለ ፊውቸሪዝም ጋዜጣ ላይ አነበበ፤ ልቡም እዚያው ቀረ። ፊውቸሪዝም ገጣሚው ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ በ1909 ያወጀው እንቅስቃሴ ሲሆን ፍጥነትን፣ መኪናን፣ ፋብሪካን፣ ይባስ ብሎም ጦርነትን ያወድስ ነበር። ክራሊ በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን በረረ። በማግስቱ ዓመት ለማሪኔቲ ጽፎ ከቡድኑ ተቀላቀለ። በዚያው በ1929 ፊውቸሪስቶቹ የበረራ ሥዕል የሚሉትን አዲስ ዘርፍ በመግለጫ አወጁ። ልጁ ከዚያ በኋላ መንገዱን አልለቀቀም።

ታዲያ ችሎታው ምኑ ላይ ነው? ብዙ ሠዓሊ አውሮፕላን ሲስል መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ደመናውን ያሳየናል። ክራሊ ግን ተመልካቹን ይዞ ይገባል። በ1939 የሳለውና በጣም የታወቀለት ሥራው አብራሪውን ከጀርባው ያሳያል። እኛ ከኋላው የተቀመጥን ያህል ነን፤ አውሮፕላኑ ወደ ከተማ መሐል ቁልቁል ይወረወራል፤ ፎቆቹም ወደ ፊታችን ይመጣሉ። ፐርስፔክቲቭ የተማረ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፤ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ታች ይሮጣሉ፤ ዓይን የሚያርፍበት አድማስ የለም። ሆድ ባር ባር የሚያሰኘው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ፓራሹቱ ገና ያልተከፈተለትን ሰው ከላይ ሆኖ ሳለ። በ1940 ሥራዎቹ በቬኒስ ቢየናሌ ቀረቡ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ለኛ የሚከብደው። ክራሊ በረራን ውበት አድርጎ በሚስልበት በዚያው ዘመን የአገሩ አውሮፕላኖች እኛ ላይ ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ደበደቡ። በታኅሣሥ ወር በተከዜ በኩል የመርዝ ጋዝ ጣሉ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የዘመተው ሠራዊት ከሰማይ ተመታ። የክራሊ መሪ የነበረው ማሪኔቲ ራሱ በፈቃደኝነት እዚህ አገር ዘምቶ ነበር። በወረራው ዓመታት ቢቸናም ሞጣም የጣሊያን ምሽግ ነበረባቸው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በቢቸና ዙሪያ ሲዋጉ ጠላታቸው ከመድፍና ከመትረየስ በላይ ክንፍም ነበረው። ክራሊ እኛ ላይ ቦምብ ጣለ ማለቴ አይደለም፤ ሠዓሊ ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹ ውስጥ ከታች ያለው ቤት ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም። አብራሪው ጀርባ አለው፣ ራስ አለው፤ ከታች ያለው ፊት የለውም።

የኛን ሠዓሊዎች ሥራ ከዚህ ጎን ብናስቀምጠው ልዩነቱ ፍንትው ይላል። ማይጨውን የሳሉ ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን አውሮፕላኑን ከሸራው አናት ላይ ትንሽ አድርገው ያስቀምጡታል። ሸራውን የሚሞላው ከታች ያለው ሰው ነው፤ የወገን ጦር በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን። ፐርስፔክቲቭ አያውቁም ተብለው ይታማሉ። እኔ ግን የት ቆመው እንደሚስሉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር እላለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ የክራሊ ዕጣ የተለየ ሆነ። ማሪኔቲ በ1944 ሞተ። ፊውቸሪዝምም ከፋሺዝም ጋር ስሙ ተያይዞ ብዙዎቹ ራቁት። ክራሊ ግን እምነቱን አልጣለም። በ1950ዎቹ ፓሪስ ኖረ። በ1960ዎቹ ካይሮ ሄዶ ሥዕል አስተማረ፤ ቢቸናንና ሞጣን አልፎ የሚወርደው አባይ የሚደርስበት ከተማ ማለት ነው። ድንጋይ እየሰበሰበ ከድንጋይ ሥዕል መሥራትም ጀመረ። በ1980ዎቹ ሽማግሌ ሆኖ እንኳ የኢጣሊያ አየር ኃይል የትርዒት ቡድን አውሮፕላኖችን ይስል ነበር። በ2000 ሚላኖ ውስጥ አረፈ።

ይህን ሠዓሊ እንተወው ወይስ እንማረው? እንደኔ እንደኔ ልንማረው ይገባል። ከ70 ዓመት በላይ አንድ ነገር ላይ መጽናት፣ ተመልካችን ከወንበሩ ማስነሳት ቀላል ሙያ አይደለም። ነገር ግን ሥዕሉን ስናይ የት እንዳስቀመጠን እንጠይቅ፤ ከዚያም ከታች ማን ነበር ብለን እንጨምርበት።

ለዚህ የሚሆን ርዕስም በእጃችን አለ። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን በወራሪው ተወስዳ ለብዙ ዓመታት ሮም አጠገብ በሚገኝ ሙዚየም ቆይታ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። እሷን የሚስል የትምህርት ክፍላችን ተማሪ የክራሊን እጅ ቢበደር አይነወርም። የሚቆምበትን ቦታ ግን ከራሱ አገር ሠዓሊዎች ይማር።